የኒኮላ ቴስላ ጀልባ፦ በርቀት የሚታዘዝ የጦር ማሽን አጀማመር

ኒኮላ ቴስላ በይበልጥ የሚታወቀው በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት በሚሠራው ሞተሩ ነው። በሮቦት ፍልሚያ ለሚወዳደሩ የዛሬ መሐንዲሶች ግን ይበልጥ የሚቀርበው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1898 ለዕይታ ያበቃት አነስተኛ የብረት ጀልባ ናት። ተፋላሚ ሮቦት የቱንም ያህል ስለታም መሣሪያ ቢታጠቅ፣ ከሩቅ የሚላክለትን ትእዛዝ በትክክል ካልተቀበለ በመድረክ ላይ የተጣለ ብረት ነው። ቴስላ የደከመውም በዚሁ በመታዘዝ ችግር ላይ ነበር።

ቴስላ በ1856 ዛሬ በክሮኤሺያ ውስጥ በምትገኘው ስሚልያን መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወለደ። በግራትስ የጀመረውን የቴክኒክ ትምህርት ሳይጨርስ በቡዳፔስትና በፓሪስ ሠርቶ በ1884 ኒውዮርክ ገባ። በ1888 ያገኛቸው የሞተር ፓተንቶች ዝናን አተረፉለት። በ1895 ቤተ ሙከራው ተቃጥሎ የነበረው ሁሉ ቢጠፋም ሌላ ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ።

ጀልባዋ ኃይሏን ከውጭ አትቀበልም ነበር። ባትሪ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞር ሞተርና መሪውን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሞተር በሆዷ ይዛለች፤ የሬዲዮ ሞገዱ ድርሻ ይህን ክምችት መቀስቀስ ብቻ ነበር። ተቀባዩ የብረት ብናኝ የያዘ ትንሽ ሲሊንደር ሲሆን፣ ሞገድ ሲደርሰው ብናኙ እርስ በርሱ ተያይዞ ጅረት ያሳልፋል። ችግሩ ሞገዱ ካለፈ በኋላም እንደተያያዘ መቅረቱ ነው። ቴስላ ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ ሲሊንደሩ እንዲገለበጥ አደረገ፤ ብናኙም ተለያይቶ ለቀጣዩ ምልክት ይዘጋጃል። እያንዳንዱ ምልክት ደግሞ አንድ ዲስክ በአንድ እርከን ያዞራል፤ መሪው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መዞሩን አለዚያም ባለበት መቆሙን የሚወስነው ዲስኩ የደረሰበት እርከን ነው። በአንድ ዓይነት ምልክት ልዩ ልዩ ትእዛዝ ማስተላለፍ የተቻለው በዚህ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ አንድ ምልክት ቢጠፋ ወይም ባዕድ ምልክት ቢገባ የአዛዡ ቆጠራና የዲስኩ እርከን ይለያያሉ።

ፓተንቱ በኖቬምበር 8፣ 1898 ተሰጠ። ጀልባዋን ያዩ ሰዎች ለጥያቄያቸው በምልክት ስትመልስ አስማት መሰላቸው፤ መላሹ ግን መቆጣጠሪያውን የያዘው ቴስላ ነበር። ያ ዓመት አሜሪካ ከስፔን ጋር የተዋጋችበት ነው። ቴስላ ፈንጂ የጫነች ሰው አልባ ጀልባ አጥፊነቷ ገደብ ስለሌለው መንግሥታትን ወደ ዘላቂ ሰላም ትገፋለች ብሎ ያምን ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን አልተቀበለውም። እዚህ ላይ ባሕር ኃይሉን ብቻ ጠባብ አድርጎ መውቀስ አይገባም፤ በጸጥተኛ ውኃ ላይ በፈጣሪዋ እጅ የምትታዘዝ ጀልባና ጠላት ሆን ብሎ ምልክቷን በሚያውክበት ባሕር ላይ የምትሄድ ጀልባ አንድ አይደሉም።

ቴስላ ራሱ ይህን ጉድለት ሳያስተውል አልቀረም። በ1900 አመልክቶ በ1903 ባገኛቸው ፓተንቶች ተቀባዩ የተለያየ ድግግሞሽ ያላቸው ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ካልደረሱት እንዳይሠራ አድርጎታል። በዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ ኤንድ ጌት የሚባለው አሠራር መሠረተ ሐሳብ ይህ ነው፤ ተፋላሚ ሮቦት ለባላጋራው መቆጣጠሪያ እንዳይታዘዝ የሚደረገው ጥንቃቄም ከዚሁ ዓላማ አይርቅም።

በ1900 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ቴስላ ጀልባዋን በተዋሰችው አእምሮ የምትሠራ አድርጎ ከገለጸ በኋላ፣ በራሱ አእምሮ የሚመራ ማሽንም ሊሠራ እንደሚችል ጽፏል። ያንን ሳይሠራ በጃንዋሪ 7፣ 1943 በኒውዮርክ በሚኖርበት ሆቴል በ86 ዓመቱ ዐረፈ።