ሮበርት ኦወን፦ ከፋብሪካ ሥራ አስኪያጅነት እስከ ኅብረት ሥራ አባትነት

ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ሥልጠና ሲሰጥ የሮበርት ኦወን ስም ሳይነሳ አይታለፍም። ይሁን እንጂ ሰውየው ከሁሉ አስቀድሞ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ እንደነበረና ለሥራ አመራር ትምህርትም መሠረት ከጣሉት አንዱ መሆኑን የምናውቅ ብዙዎች አይደለንም። ስለዚህ በዚህ የምሥረታ በዓል ዕትማችን የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦወን በ1771 በዌልስ ኒውታውን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሰፊና የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር። ልጁ በ10 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ተቀጠረ። ገና 20ዎቹን ሲጀምር ደግሞ በማንችስተር 500 ያህል ሠራተኞች ያሉት የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቃ። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አንድም ትእዛዝ አልሰጠም። ጠዋት ቀድሞ እየገባ፣ ማታ መጨረሻ እየወጣ፣ ሥራውንና ሠራተኛውን በዝምታ አጠና።

በ1800 በስኮትላንድ የሚገኘውን የኒው ላናርክ ፋብሪካ ማስተዳደር ጀመረ። ፋብሪካውን ከሸሪኮቹ ጋር የገዛው ከአማቱ ከዴቪድ ዴል ነበር። በሥፍራው 2,000 ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም 500 የሚሆኑት ከድሆች መጠለያ የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ስርቆትና ስካር የተለመደ ነበር። የዘመኑ አሠሪ መፍትሔው ቅጣትና ማባረር ሲሆን፣ ኦወን ግን የሰው ጠባይ የሚቀረጸው በሚኖርበት ሁኔታ ነውና ሁኔታው ይስተካከል አለ።

በየሠራተኛው አጠገብ ባለ አራት ገጽ ትንሽ እንጨት አሰቀለ። ጥቁሩ መጥፎ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቢጫው ጥሩ፣ ነጩ እጅግ ጥሩ የሥራ ውጤት ማለት ነበር። ውጤቱ በየቀኑ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ተበደልኩ ያለ ሠራተኛም ለኦወን አቤት ማለት ይችላል። ስድብና ዱላ ሳይኖር የተጀመረ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነበር ማለት ይቻላል።

ሠራተኞቹ ግን በቀላሉ አላመኑትም። አመኔታቸውን ያገኘው በችግር ቀን ነው። አሜሪካ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይላክ ባገደች ጊዜ ፋብሪካው ለአራት ወራት ሲቆም፣ ኦወን ማሽኖቹን እንዲጠብቁና እንዲያጸዱ ብቻ አድርጎ ሙሉ ደመወዝ ከፈላቸው። ወጪው ከ7,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ከዚያም ጥራት ያለው ሸቀጥ ከመግዣው ብዙም ባልራቀ ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ አቋቋመ፤ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቅጠር አቆመ፤ የሥራ ሰዓት ቀነሰ፤ በ1816ም ትምህርት ቤት ከፈተ። ለሌሎች ባለፋብሪካዎች ባቀረበው ጽሑፍ ደግሞ ለብረቱ ማሽን የሚደረገው እንክብካቤ ለሕያው ሰው ቢደረግ ትርፉ እንደሚበልጥ አስረዳ። ፋብሪካውም አትራፊ ሆኖ ቀጠለ።

ነገር ግን በኒው ላናርክ መልካሙ ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ሰው ፈቃድ ነበር። ሠራተኛው ተጠቀመ እንጂ አልወሰነም። ይህ ጉድለት በግልጽ የታየው ኦወን በ1825 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ኒው ሃርመኒ የተባለችውን መንደር ገዝቶ በጋራ የሚኖር ማኅበረሰብ ሲመሠርት ነው። የመጣው ሁሉ ያለ ምርጫ ገባ፤ ባለሙያ አነሰ፤ መሬቱ የኦወን እንጂ የነዋሪዎቹ አልነበረም፤ እሱም ብዙ ጊዜ በቦታው አልነበረም። በ1827 ማኅበረሰቡ ፈረሰ፤ ኦወንም አብዛኛውን ሀብቱን አጣ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ፣ የኦወን ተከታዮች የሚገኙባቸው 28 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። የተሸጠው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማን የመሰለ ተራ ነገር ነበር። ልዩነቱ በአሠራራቸው ላይ ነው፦ አንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ሽያጭ በጥሬ ገንዘብ፣ ትርፉም አባሉ በገዛው መጠን ይከፋፈላል። ኦወን ከላይ ሆኖ የሰጠውን እነሱ ከታች ጀምረው በገዛ መዋጮአቸው ሠሩት። ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሆዎች መነሻቸው ይኸው የሮችዴል ደንብ ነው።

ኦወን በ1858 በ87 ዓመቱ በተወለደባት ከተማ አረፈ። ኒው ላናርክ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ የሚተርፈው ቁም ነገር ሁለት ነው። ሠራተኛውን የሚያከብር፣ ከማዘዙ በፊት የሚያጠና ሥራ አስኪያጅ ለማኅበር ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ደግ ሥራ አስኪያጅ የአባላትን ድምፅ አይተካም። ዕጣውን ያልከፈለ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ያልተገኘ፣ የኦዲት ሪፖርት ሲነበብ ያልጠየቀ አባል ማኅበሩን ለአንድ ሰው ፈቃድ ትቶታል። መልካም ሰው ያልፋል፤ አባላቱ የያዙት ማኅበር ግን ይቀጥላል።

መልካም የምሥረታ በዓል!