ቻርሊ ቴይለር፦ የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ሞተር ያስነሳው መካኒክ

በየመገናኛ በዓላችን መጽሔት ላይ የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ይጻፋል። ዘንድሮ ተራው ለኔ ሲደርሰኝ አዘጋጆቹ ሳይንቲስት ወይም ደራሲ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን መካኒክ ይዤ መጣሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ወዲህ አብዛኛው ዕድሜዬ ያለቀው በትናንሽ አውሮፕላኖች የፒስቶን ሞተር ላይ ነው። እነዚህ ሞተሮች አመለኛ ናቸው። ጠዋት ቶሎ የተነሳው ሞተር፣ በርሮ መጥቶ ሃያ ደቂቃ ከቆመ በኋላ እምቢ ይላል። ሲጠፋ የሲሊንደሮቹ ሙቀት የቤንዚን ቱቦዎቹን ያግላቸውና ውስጣቸው ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይቀየራል፤ ፓምፑ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። አብራሪው ይደነግጥና ቤንዚን ያበዛበታል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ከዚያ እኔ እጠራለሁ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ዝቅተኛ ቦታ የሚስማማው የቤንዚን መጠን እዚህ ይበዛል። እንዲህ ያለ ቀን ነው ቻርሊ ትዝ የሚለኝ። እሱ የሚያስነሳው ሞተር ፓምፕም፣ ካንዴላም፣ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ካርቡሬተርም አልነበረውም።

ቻርልስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1868 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ተወለደ፤ ያደገው ኔብራስካ ነው። በ12 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ ጋዜጣ ድርጅት ተላላኪ ሆነ። እጁ ግን ብረት ይወድ ነበርና የማሽን ሙያ ለመደ። ሄንሪየታ የምትባል ሴት አግብቶ በ1896 ወደ ዴይተን፣ ኦሃዮ ሄደ። የሚስቱ አጎት ለሁለት ወንድማማቾች የብስክሌት ሱቅ ያከራዩ ነበር። ወንድማማቾቹ ዊልበርና ኦርቪል ራይት ናቸው። በ1901 በሳምንት 18 ዶላር ቀጠሩት። መጀመሪያ የፈለጉት እነሱ ኪቲ ሆክ ሄደው ሞተር አልባ አውሮፕላናቸውን ሲሞክሩ ሱቁን የሚጠብቅና ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነበር።

በ1902 መጨረሻ ሞተር አስፈለጋቸው። 8 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ክብደቱ ከ90 ኪሎ የማይበልጥ። ለሞተር አምራቾች ደብዳቤ ጻፉ፤ የሚሆን አልተገኘም። ስለዚህ ሥራው ቻርሊ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት በቤንዚን ሞተር ላይ የነበረው ልምድ የአንድ መኪና ሞተር ለመጠገን መሞከሩ ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ማሽን ቶርኖና መብሻ ነው። ደንበኛ ንድፍ የሚባል ነገርም አልነበረም። በቁራጭ ወረቀት ላይ እየነደፉ፣ ቻርሊ ወረቀቱን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ እየሰካ ይሠራ ነበር።

ክራንክሻፍቱን የሠራበትን መንገድ ለተማሪ ሁሉ ባሳይ ደስ ይለኛል። 31 ኢንች ርዝመትና 6 ኢንች ስፋት ያለው ጠንካራ የብረት ጠፍጣፋ ወሰደ። ቅርጹን በላዩ ላይ ነደፈ፣ በንድፉ ዙሪያ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ በሳው፣ ትርፉን በመሮና በመዶሻ መትቶ አወጣ፣ ከዚያ ቶርኖ ላይ አስሮ አስተካከለው። የወጣው ክራንክሻፍት 19 ፓውንድ ነው። የሞተሩ አካል አልሙኒየም ሆኖ እዚያው ዴይተን ተቀልጦ ተሠራ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በስድስት ሳምንት አለቀ።

በፌብሩዋሪ 1903 ተነሳ። በማግስቱ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ኩሽኔታዎቹን ዘይት አሳጣቸውና ነክሰው ያዙ፤ የሞተሩ አካል ተሰበረ። የስድስት ሳምንት ድካም በሁለት ቀን! አዲስ አካል እስኪመጣ ሁለት ወር ጠበቁ፤ ቻርሊም እንደገና ገጣጠመው። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ያንን ሁለት ወር ያውቀዋል።

የዚያ ሞተር አነሳስ እንዲህ ነው። ቤንዚኑ ከላይ ከተሰቀለች ትንሽ ጋን በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ መክፈቻው ለቤት የጋዝ መብራት የሚያገለግል ተራ ቧንቧ መዝጊያ ነበር። በሲሊንደሮቹ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ክፍሏ በሲሊንደሮቹ ሙቀት ስትግል ቤንዚኑን ታተነዋለች። ሲበርድ ግን አታተነውም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ጥቂት ጠብታ ቤንዚን አስቀድሞ መጨመር ያስፈልጋል። እሳቱን የሚፈጥሩት ሲሊንደሩ ውስጥ ተገናኝተው የሚላቀቁ ሁለት ብረቶች ናቸው። ለማስነሻ ባትሪ ይገናኛል፤ ሁለት ሰው ሁለቱን ፕሮፔለሮች ይስባል። ሲነሳ ማግኔቶው ይረከባል፣ ባትሪው መሬት ይቀራል። ከሚፈለገው 8 የፈረስ ጉልበት ይልቅ 12 ገደማ ሰጠ። እኔ የማደንቀው ግን ጉልበቱን አይደለም፤ ምንም የተደበቀ ነገር ስለሌለው፣ እምቢ ሲል የት እንደታመመ በዓይን ይታያል።

ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ኪቲ ሆክ ላይ ለ12 ሰከንድ በረረ። ቻርሊ አላየም፤ ዴይተን ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ ባሉበት ሁሉ እሱም አለ። በ1908 ፎርት ማየር ላይ ኦርቪል ወድቆ ሌተናንት ሴልፍሪጅ ሲሞት፣ ስብርባሪውን መርምሮ የተሰነጠቀው ፕሮፔለር መሆኑን ለይቷል። በ1911 ካል ሮጀርስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ፣ በቀን 10 ዶላር ተከፍሎት በባቡር እየተከተለ አውሮፕላኑን ደጋግሞ ጠግኗል። ሮጀርስ ደጋግሞ ስለወደቀ፣ መጨረሻ ላይ ከተነሳበት አውሮፕላን የቀሩት ክፍሎች ጥቂት ነበሩ። ቻርሊ ራሱ አብራሪ መሆን ይመኝ ነበር፤ ወንድማማቾቹ ግን አላስተማሩትም። መካኒካቸውን ማጣት አልፈለጉም መሰለኝ።

የመጨረሻው ዘመኑ ያሳዝናል። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ያጠራቀመውን በመሬት ላይ አዋለው፤ የኢኮኖሚ ውድቀቱ በላው፣ ሚስቱም ሞተችበት። በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ በሰዓት ክፍያ ተቀጠረ፤ አብረውት የሚሠሩት ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። በ1937 ሄንሪ ፎርድ አስፈልጎ አገኘውና የብስክሌት ሱቁን እንደ ድሮው ለማደራጀት ወሰደው። ከዚያ ተመልሶ እንደገና ተረሳ። ኦርቪል በኑዛዜው በዓመት 800 ዶላር ተወለት፤ አልበቃም። በ1955 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በድሆች መታከሚያ ክፍል ተኝቶ ተገኘ። የአቪዬሽን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ተሻለ ቦታ ወሰዱት። ጃንዩዋሪ 30 ቀን 1956 በ87 ዓመቱ አረፈ፤ ኦርቪል በሞተ በስምንተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት። ዛሬ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአንጋፋ መካኒኮች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ይህን ስጽፍ ዓይኔ ላይ የሚመጡት የኛው የወርክሾፕ ቴክኒሽያን ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ማግኔቶን በጆሮ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሞረድ አያያዜን እጄን በእጃቸው ይዘው አስተካክለዋል። የቀድሞዎቹን መጽሔቶች ሁሉ አገላብጫለሁ፤ የመምህራን ፎቶ ባለበት ገጽ ላይ የሉም፣ የሠራተኞች ገጽ ደግሞ ኖሮን አያውቅም። አሁን ጡረታ ወጥተው ቤት ነው የሚውሉት፤ ጆሯቸው ደክሟል። አዘጋጆቹ ለሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ ሊሰጡኝ ተስማምተዋል። ፎቶ ያላችሁ አምጡልኝ። በበዓሉ ማግስት፣ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ አራት ሰው ይይዛል። ዋናው በር ላይ ጠብቁኝ።