የሰማዩ ጌታ፦ የአማዶ ካሪዮ ፉዌንቴስ ሕይወትና አሟሟት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1997 በሜክሲኮ ዋና ከተማ በሜክሲኮ ሲቲ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል አንቶኒዮ ፍሎሬስ ሞንቴስ በሚል ስም የተመዘገበ ታካሚ ገባ። የመጣው ሕመም ጠንቶበት አልነበረም። የፊቱን ቅርጽ ለማስለወጥና ከሰውነቱ ላይ ስብ ለማስወጣት ነበር። ቀዶ ጥገናው ብዙ ሰዓታትን ከፈጀ በኋላ ታካሚው ወደ ማረፊያ ክፍሉ ተወሰደ። በማግስቱ ማለዳ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም፣ በአልጋው ላይ እንዳለ ሕይወቱ አለፈ። የተመዘገበበት ስም ሐሰተኛ ነበር። ሟቹ በዚያን ጊዜ የሁለት አገሮች የፀጥታ ኃይሎች በጥብቅ ሲፈልጉት የነበረው የሁዋሬዝ የአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን መሪ አማዶ ካሪዮ ፉዌንቴስ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማዶ ካሪዮ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ በሲናሎዋ ግዛት፣ ናቮላቶ በተባለው ወረዳ፣ ጓሙቺሊቶ በምትባል የገበሬዎች መንደር ተወለደ። ሲናሎዋ ለም የእርሻ ምድር ናት። ከሜዳው በስተጀርባ ባሉት ተራሮች ግን ካናቢስና ኦፒየም የሚገኝበት ተክል ለረጅም ዓመታት ሲመረት ኖሯል። ከግዛቲቱ የወጡ ቤተሰቦችም የሜክሲኮን የዕፅ ንግድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፉት ቆይተዋል። የአማዶ አጎት ኤርኔስቶ ፎንሴካ ካሪዮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ ከነበሩት ሁሉ የላቀ ኃይል ካገኘው የጓዳላሃራ ቡድን ሦስት መሪዎች አንዱ ነበር። ወጣቱ አማዶ ወደ ሥራው የገባው በዚሁ የዝምድና በር ነው።

አጎቱ የመደበው ኦሂናጋ ላይ ነበር። ኦሂናጋ በቺዋዋ ግዛት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር፣ ከአሜሪካዋ ቴክሳስ ፊት ለፊት የምትገኝ በረሃማ የድንበር ከተማ ናት። በዚያ ያለውን ዝውውር በበላይነት የሚመራው ፓብሎ አኮስታ የተባለ ሰው ሲሆን፣ የአማዶ ተግባር ከኮሎምቢያ በአውሮፕላን እየመጣ በአካባቢው የሚራገፈውን ኮኬይን መቆጣጠር ነበር። አኮስታ ዝናን የሚወድ፣ በአደባባይ የሚታይና በመጨረሻም ራሱ የኮኬይን ሱሰኛ የሆነ ሰው ነበር። አማዶ በተቃራኒው ዝምተኛ ነበር። ፎቶግራፍ መነሣትን አይወድም፤ በኋላ ዓመታትም ጋዜጦች ስለ እሱ ሲጽፉ የሚያወጧቸው ምስሎች ከጥቂቶቹ የማይበልጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአፕሪል 1987 የሜክሲኮ ፌዴራል ፖሊስ በአሜሪካ በኩል ድንበር አቋርጦ በመጣ ሄሊኮፕተር ታግዞ ባካሄደው ዘመቻ አኮስታ በወንዙ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ተገደለ። ዘመቻውን የመሩት ጊዬርሞ ጎንዛሌዝ ካልዴሮኒ የተባሉ የፖሊስ አዛዥ ነበሩ። እኚሁ አዛዥ ከሁለት ዓመት በኋላ የጓዳላሃራውን ቡድን ቁንጮ ሚጌል አንሄል ፌሊክስ ጋያርዶን በቁጥጥር ሥር በማዋላቸው ታላቅ ዝና አተረፉ። ብዙም ሳይቆዩ ግን እርሳቸውም ከዕፅ አዘዋዋሪዎች ጋር በመመሳጠርና ያለአግባብ በመበልጸግ ተከሰው ወደ አሜሪካ ሸሹ። በ2003 በቴክሳስ ማካለን ከተማ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በአማዶ ካሪዮ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አሳዳጁንና ተሳዳጁን መለየት የሚያስቸግርበት ቦታ ይህ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ቀደም በፌብሩዋሪ 1985 ኤንሪኬ ካማሬና የተባለ የአሜሪካ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት ባልደረባ በጓዳላሃራ ከተማ ታፍኖ ተወስዶ ከብዙ ሥቃይ በኋላ ተገድሏል። አሜሪካ ባሳደረችው ከባድ ጫና የአማዶ አጎት ፎንሴካና ባልንጀራው ራፋኤል ካሮ ኪንቴሮ በዚያው ዓመት አፕሪል ወር ታሰሩ። በ1989 ፌሊክስ ጋያርዶ ሲያዝ የጓዳላሃራው ቡድን ፈረሰ፤ ግዛቱንም የቲሁዋና፣ የሲናሎዋና የሁዋሬዝ ቡድኖች ተከፋፈሉት። አማዶም በዚያው ዓመት ታስሮ ነበር፤ ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት ተለቀቀ።

የሁዋሬዝን ቡድን በወቅቱ ይመራ የነበረው ራፋኤል አጊላር ጓሃርዶ ነው። ይህ ሰው ወደ ዕፅ ንግድ የገባው ከመንደር ተነሥቶ አልነበረም። የአገሪቱ የፌዴራል ደኅንነት ዳይሬክቶሬት አዛዥ የነበረ የመንግሥት ሹም ነው። ዳይሬክቶሬቱ በወንጀለኞች እጅ መግባቱ በይፋ በመታወቁ በ1985 እንዲፈርስ ተደርጓል። መሥሪያ ቤቱ ቢፈርስም ሰዎቹና የሚያውቋቸው ሰዎች አልጠፉም። አጊላር በአፕሪል 1993 በካንኩን የመዝናኛ ከተማ ተገደለ፤ ግድያውን ያዘዘው አማዶ ካሪዮ እንደሆነም በሰፊው ይታመናል። የቡድኑ መሪነት ወደ እሱ የተላለፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ቅጽል ስሙ የመጣው ከአውሮፕላኖቹ ነው። ቀደም ሲል አዘዋዋሪዎች በትናንሽ አውሮፕላኖች ጥቂት መቶ ኪሎ ግራም ብቻ ያመላልሱ ነበር። አማዶ ግን ቦይንግ 727ን የመሰሉ ያገለገሉ የመንገደኞች ጄቶችን እየገዛ፣ መቀመጫዎቻቸውን እያስነቀለ፣ በአንድ በረራ ቶኖችን የሚመዝን ኮኬይን ከኮሎምቢያ ወደ ሜክሲኮ ማስገባት ጀመረ። ሕዝቡም የሰማዩ ጌታ ብሎ ጠራው። ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ እየተከፋፈለ በየብስ ወደ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ይወሰዳል። ከዚያም በየዕለቱ እጅግ ብዙ ተሽከርካሪዎች በሚመላለሱባቸው ድልድዮች አድርጎ ወደ ኤል ፓሶ ይሻገራል። የሰሜን አሜሪካ ነጻ የንግድ ስምምነት በ1994 ሥራ ላይ ሲውል የጭነት መኪናው ብዛት ጨመረ፤ በጉምሩክ ሠራተኞች ዘንድ እያንዳንዱን የመፈተሽ ዕድልም በዚያው ልክ ጠበበ።

የንግዱ ሚዛንም በዚሁ ጊዜ ተለወጠ። አሜሪካ በካሪቢያን ባሕር ላይ የምታደርገውን ቁጥጥር በ1980ዎቹ በማጥበቋ ኮሎምቢያውያኑ የሜክሲኮን መንገድ የግድ ፈለጉ። መጀመሪያ ለሜክሲኮዎቹ የሚከፍሉት የማጓጓዣ ገንዘብ ነበር። ቆይቶ ግን ክፍያው ከጭነቱ ላይ፣ አንዳንዴም እስከ እኩሌታ የሚደርስ ኮኬይን ሆነ። ስለዚህ ተሸካሚ የነበረው ወገን ራሱ የሸቀጡ ባለቤት ሆነ። በ1995 የኮሎምቢያው የካሊ ቡድን መሪዎች የሆኑት የሮድሪጌዝ ኦሬሁዌላ ወንድማማቾች ሲታሰሩ ክፍተቱን ለመሙላት ከአማዶ ካሪዮ የተሻለ አቅም ያለው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነጥብ አለ። የመንገደኞች ጄት ትንሽ ነገር አይደለም። በራዳር ይታያል፤ ማረፊያ ሜዳ፣ ነዳጅ፣ መብራትና የሚያራግፉ ሰዎችን ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በመሰወር ብቻ ማከናወን አይቻልም። የሰማዩ ጌታ ሰማዩን የያዘው በምድር ያሉትን፣ ማለትም የማረፊያውን ሜዳ የሚጠብቀውን ፖሊስ፣ የዘመቻውን ዕቅድ የሚያነበውን መኮንንና የግዛቱን አስተዳዳሪ በገንዘብ በመያዝ ነበር።

የኪንታና ሮ ግዛት አገረ ገዥ የነበሩት ማሪዮ ቪያኑዌቫ ጉዳይ ለዚህ አስረጂ ነው። ካንኩን የምትገኝበት ይህ የካሪቢያን ጠረፍ ግዛት ለሁዋሬዝ ቡድን ዋና የኮኬይን መግቢያ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ባቀረበው ክስ መሠረት አገረ ገዥው በግዛታቸው ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ጭነት ከ400 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ቪያኑዌቫ የሥልጣን ዘመናቸው ሊያበቃና የሹመት ከለላቸው ሊነሣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በማርች 1999 ድንገት ተሰወሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በካንኩን ተያዙ። በ2010 ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ፤ በ2012ም በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ በማስመሰል ወንጀል ጥፋተኛነታቸውን አመኑ።

ከሁሉ የከፋው ግን የጄኔራል ሄሱስ ጉቲዬሬዝ ሬቦዮ ታሪክ ነው። ፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ዜዲዮ የፖሊስ ኃይሉ በጉቦ መበከሉን በመገንዘብ የፀረ ዕፅ ዘመቻውን ለጦር ሠራዊቱ ሰዎች መስጠትን እንደ መፍትሔ ወሰዱት። በዲሴምበር 1996 ለብዙ ዓመታት በጓዳላሃራ የጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል የብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ተቋም ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ጄኔራሉ ቆፍጣና በመሆናቸው የታወቁ ነበሩ። ወደ ዋሽንግተን ተጉዘው ምስጢራዊ መረጃዎች ተሰጥተዋቸዋል፤ የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር ፖሊሲ ኃላፊ ጄኔራል ባሪ ማካፍሪም ሐቀኝነታቸውን በአደባባይ መስክረውላቸዋል።

ይህ ምስክርነት ከተሰጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1997 የመከላከያ ሚኒስትሩ የጄኔራሉን መታሰር ይፋ አደረጉ። ለጥርጣሬው መነሻ የሆነው ከባድ የስለላ ሥራ አልነበረም። ጄኔራሉ በመንግሥት ደመወዝ ሊከራዩት የማይችሉት ውድ አፓርታማ ውስጥ መግባታቸው ነው። ቤቱ የአማዶ ካሪዮ ባልደረባ ንብረት ሆኖ ተገኘ። በምርመራው እንደተገለጸው ጄኔራሉ በቲሁዋናው የአሬያኖ ፌሊክስ ቡድን ላይ የወሰዷቸው ብርቱ እርምጃዎች የአማዶን ተቀናቃኞች የሚያዳክሙ ነበሩ፤ የእሱ ቡድን ግን ሳይነካ ቆይቷል። ሕግ ማስከበር የሚመስለው ዘመቻ የአንደኛው ነጋዴ መሣሪያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ጄኔራሉ ከቡድኑ ጋር የነበራቸው ግንኙነት አለቆቻቸው የሚያውቁት የሥራ ዘዴ እንደሆነ ቢከራከሩም በረጅም ዘመን እሥራት ተቀጡ። የሚመሩትም ተቋም በጥቂት ወራት ውስጥ ፈርሶ በሌላ ተተካ።

የጄኔራሉ መታሰር ለአማዶ ካሪዮ ትልቅ ጉዳት ነበር። ከዚያ በፊት በኖቬምበር 1993 የአሬያኖ ፌሊክስ ታጣቂዎች በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሊገድሉት ሞክረው አምልጧል። በጃንዋሪ 1997 በትውልድ መንደሩ የእኅቱ ሠርግ በሚከበርበት ዕለት ወታደሮች ቤቱን ቢከብቡም ቀድሞ መረጃ ደርሶት ስለነበር አላገኙትም። ከፌብሩዋሪ በኋላ ግን ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ሰው ጠፋ። በሐሰተኛ ፓስፖርት ወደ ደቡብ አሜሪካ እየተጓዘ በቺሊ ቆየ፤ በአርጀንቲናም ንብረት አፈላለገ። የፊቱን መልክ መለወጥ የመጨረሻ አማራጩ ሆነ።

ለዓመታት ማንነቱን ሰውሮ የኖረው ሰው ሲሞት የአስከሬኑ ማንነት አከራካሪ መሆኑ አያስደንቅም። ዘመዶቹ አስከሬኑን ወደ ሲናሎዋ ቢወስዱትም ባለሥልጣናት ይዘው ወደ ዋና ከተማው መለሱት። ፊቱ በቀዶ ጥገናው ምክንያት አብጦና ጠቁሮ ስለነበር በመልኩ ለመለየት አልተቻለም። በመጨረሻም አሜሪካውያን በእጃቸው ከነበረው የጣት አሻራ ጋር ተመሳክሮ አማዶ ካሪዮ መሆኑ ተረጋገጠ። ለሞቱ ምክንያት የሆነው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተሰጠው ማስተኛ መድኃኒት ከማደንዘዣው ጋር በመደረቡ እንደሆነ ተገለጸ። አስከሬኑ በጓሙቺሊቶ ተቀበረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ አካፑልኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲሚንቶ በተሞሉ በርሜሎች ውስጥ አስከሬኖች ተገኙ። በቀዶ ጥገናው የተሳተፉ ሐኪሞች ነበሩ። አዛዡ ሞቷል፤ አይታወቅም የሚለው ወሬ ግን እስከ ዛሬ በሕዝቡ ዘንድ ይነገራል።

ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ሰላም አላገኘችም። በኦገስት 1997 በከተማዋ በአንድ ምግብ ቤት ስድስት ሰዎች በጥይት ተገደሉ፤ ውርሱን ለመያዝ የተጀመረው ግጭት የመጀመሪያ ምልክቶች ከሆኑት አንዱ ይኸው ነበር። የቡድኑን መሪነት ታናሽ ወንድሙ ቪሴንቴ ካሪዮ ያዘ። ሌላው ወንድሙ ሮዶልፎ በሴፕቴምበር 2004 በኩሊያካን ተገደለ። የሲናሎዋ ቡድን የሁዋሬዝን መተላለፊያ ለመንጠቅ በከፈተው ጦርነት ሳቢያ በ2010 ብቻ በከተማዋ የተገደሉት ሰዎች ቁጥር ወደ 3 ሺህ ገደማ ደርሷል። ሟቾቹም ሁሉ አዘዋዋሪዎች አልነበሩም። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ወር በአንድ የልደት በዓል ላይ የተሰበሰቡ ወጣት ተማሪዎች ተጨፍጭፈዋል።

ጄኔራል ጉቲዬሬዝ ሬቦዮ ፍርዳቸውን ሳይጨርሱ በዲሴምበር 2013 አረፉ። አጎቱ ፎንሴካ ካሪዮ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ከታሰረ በኋላ በ2016 በዕድሜውና በጤናው ምክንያት ቀሪውን ቅጣት በቤቱ እንዲፈጽም ተፈቀደለት። ቪሴንቴ ካሪዮ በኦክቶበር 2014 በቶሬዮን ከተማ ተያዘ። በፌብሩዋሪ 2025 የሜክሲኮ መንግሥት 29 እሥረኞችን ለአሜሪካ ሲያስረክብ ቪሴንቴ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ከ40 ዓመት በፊት ለካማሬና ግድያ ዋና ተፈላጊ የነበረው ራፋኤል ካሮ ኪንቴሮም አብሮ ተወሰደ።