ካርቱምን ያጸዱት ሐኪምና የቆሻሻ ሁለት ገጽታ

ስኮትላንዳዊው ሐኪም አንድሪው ባልፎር እአአ በ1902 ካርቱም ሲደርሱ ከተማዋ ከፍርስራሽ ገና በመነሣት ላይ ነበረች። በማህዲስቶች ዘመን ፈርሳ ዳግም መገንባት ከጀመረች አራት ዓመት ያህል ብቻ ተቆጥሯል። አዲስ ጎዳናዎች ቢዘረጉም ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶችና ኩሬዎች የወባ ትንኝ መራቢያ ነበሩ።

ባልፎር በ1873 ኤድንብራ ውስጥ ተወለዱ። ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ ተጫውተዋል፤ ታሪካዊ ልብ ወለዶችንም ጽፈዋል። በካምብሪጅ የታይፎይድ በሽታን አጥንተው፣ በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ፣ የመድኃኒት አምራቹ ሄንሪ ዌልካም በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ላቋቋሙት ቤተ ሙከራ ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ። ኮሌጁ የዛሬው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መነሻ ነው።

የከተማዋ ጤና ኃላፊም ስለነበሩ ሥራቸው በማጉያ መነጽር ብቻ አልተወሰነም። ሠራተኞቻቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጉድጓዶችን ይፈትሹ፣ በቆመ ውሃ ላይ ዘይት ያፈሱ ነበር። በዓባይ የሚመጡ ጀልባዎችም ከፍተሻ አላመለጡም። ወባ በካርቱም በእጅጉ ቀነሰ።

ትንኙ ግን አንዱ ጠላት ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የሰው ዓይነ ምድር በባልዲ እየተሰበሰበ ከከተማ ይወጣ ነበር። ለጤና ኃላፊ ቆሻሻ ማለት ታይፎይድና ተቅማጥ ነው፤ መፍትሔውም ከሰው ማራቅ።

ቆሻሻው ግን ሌላም ገጽታ አለው። ሰብል ከመሬት የወሰደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በምግብ በኩል አልፎ እዚያው ይገኛል። ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ ትልና ምስጥ የሞተውን ነገር ካላፈራረሱት፣ ተክል መልሶ ሊመገበው አይችልም። እነዚህ አብስባሾች ደግሞ እርጥበትና አየር ይሻሉ። እንደ ካርቱም ባለ ደረቅ ምድር ውሃ ያላገኘ ክምር ሳይበሰብስ ይከርማል።

የባልፎር ቤተ ሙከራ አፈርንም ይመረምር ነበር። ባልደረባቸው ኬሚስቱ ዊልያም ቢም ከከተማዋ በስተደቡብ የተንጣለለውን የገዚራ አፈር አጥንተዋል። ይህ ጥቁር ሸክላ አፈር ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ እየጠረገ ያወረደው ደለል ነው። ነገር ግን የብስባሽና የናይትሮጅን ድሃ ነው። ከተማዋ የምትጥለው መሬቱ የሚራበውን ነበር።

ይህን ክፍተት የሚሞላ ዘዴ የቀመሩት በዚያው በ1873 የተወለዱት እንግሊዛዊው የእርሻ ሊቅ አልበርት ሃዋርድ ናቸው። በሕንድ ኢንዶር ከተማ ገለባ፣ ፍግ፣ አመድና አፈር እየደራረቡ፣ ውሃ እያጠጡና እያገላበጡ በሦስት ወር ገደማ ኮምፖስት ያወጡ ነበር። በደንብ የተያዘ ክምር ውስጡ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ የዝንብ እጭንና አብዛኞቹን በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል። ባልፎር በሽታን የተዋጉባት ዓለምና ሃዋርድ ለምነትን የፈለጉባት ዓለም አንዲቱ የረቂቅ ተሕዋስያን ዓለም ነበረች።

ባልፎር በ1913 ካርቱምን ለቀቁ። በ1923 የለንደን የሥነ ንጽህናና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በጥር 1931 በ57 ዓመታቸው አረፉ፤ የሃዋርድ የኮምፖስት መጽሐፍ የታተመውም በዚያው ዓመት ነው።

በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲፈነዳ ተዋጊዎች የካርቱምን ብሔራዊ የጤና ቤተ ሙከራ መቆጣጠራቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር። በ2025 ኮሌራ ከተማዋን አጥቅቷል። ወደ ፈረሱ ቤቶቻቸው የሚመለሱ ነዋሪዎች ዛሬ የባልፎር ጥያቄ ደጃፋቸው ላይ ነው፤ ቆሻሻው በሽታ ከመሆኑ በፊት የት ይሂድ? ጥያቄው ኩበት በምድጃ ለሚነድባቸው፣ አፈርም በጎርፍ ለሚታጠብባቸው የኢትዮጵያ ደጋዎችም እንግዳ አይደለም። ከመሬት የተወሰደ ካልተመለሰ፣ ከተማው በበሽታ፣ ማሳው በረሃብ ይከፍላሉ።