ጀምስ ብሩስና የዋጊኖስ ነገር

ሆዱን የታመመ ፈረስ፣ ውሻ ወይም ድመት ወደ ሐኪም በቀረበ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመው ይነሣሉ። ሕመሙ ከምን መጣ? በእጅ ያለውስ መድኃኒት በእርግጥ ስሙ የሚለው ነውን? ከሁለተኛው ጥያቄ ጋር ስሙ ተሳስሮ የቀረ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለ ርስት ተወለደ። በኤዲንብራ የሕግ ትምህርት ጀምሮ ተወው። በ1754 ሚስቱ ባገባት በጥቂት ወራት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞተችበት ልቡ ወደ ጉዞ አዘነበለ። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። በአልጀርስና በሐለብ ከነበሩ ሐኪሞች ጥቂት ሕክምና ከተማረ በኋላ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 የካቲት ወር ጎንደር ገባ።

በዚያን ጊዜ በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙትን ልጆች በማስታመሙ ሞገስ አገኘ። በፈረስ ግልቢያ ብርቱ ስለ ነበረም በዓፄ ተክለ ሃይማኖት ሁለተኛ አደባባይ ማዕርግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት ከእንፍራዝ ተነሥቶ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ደቡብ ሲወርድ የርብንና የጉማራን ወንዞች ተሻግሮ የፎገራን ሜዳ አለፈ። ዛሬ ከአዲስ ዘመን አጠገብ የወይራና የአጋም ጥላ ያለበት የጣራ ገዳም ደን ከዚያን ጊዜው የደጋ ደን የተረፈውን ያሳያል፤ ገዳሙ ባይጠብቀው ኖሮ ይህም ባልተረፈ ነበር።

የሆድ ሕመም በብሩስ ቤት የገባው በጎንደር ነው። ከእርሱ ጋር የመጣው የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 በደም ተቅማጥ ሞተ። ባሉጋኒ እስከ ግሽ ዓባይ አብሮት ተጉዟል፤ የዕፀዋቱንም ሥዕሎች አብዛኞቹን የሣለ እርሱ ነበር። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ሰውየው ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሥዕሉንም ሙያ ለራሱ አደረገ። ይህ ከማይሻሩለት ጥፋቶች አንዱ ነው።

ብሩስ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቅቆ ወደ ስናር ሲያመራ ራስ ፊል በተባለው ቆላ በዚያው በሽታ ተያዘ። የአገሩ ሰዎች ዋጊኖስ የተባለውን ቁጥቋጦ የሥር ቅርፊት አድርቀው ፈጭተው ሰጡት፤ ዳነም። የዕፁን ዘር ይዞ አገሩ ገባ። በ1779 ተክሉ በላቲን ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ ተባለ፤ ትርጉሙም የደም ተቅማጥ የሚከላከል የብሩስ ዕፅ ማለት ነው። ስለ ኮሶም ጽፏል፤ ኮሶ በሚከተለው መቶ ዓመት በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገብቶ ለሰውም ለውሻም የኮሶ ትል ማውጫ ሆኗል። ሰውየው ግን ስለ ጥሬ ሥጋ ባወራው ነገር እንደ ሐሰተኛ ተቈጠረ። አምስት ቅጽ መጽሐፉን በ1790 አሳትሞ በ1794 ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ስሙ ከሞቱ በኋላ ሌላ ጣጣ አመጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንጎስቱራ በሚባለው መራራ የደቡብ አሜሪካ ቅርፊት ውስጥ ሌላ ቅርፊት ተቀላቅሎ ሰዎችን መረዘ። ሊቃውንቱም መርዙን የዋጊኖስ ቅርፊት ነው ብለው ገመቱ። በ1819 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ቀማሚዎች ከዚያ ቅርፊት ያወጡትን መርዝ በብሩስ ስም ብሩሲን አሉት። ኋላ ሲጣራ ግን ቅርፊቱ የእስያው የኑክስ ቮሚካ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ዋጊኖስ ብሩሲን የለበትም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ኑክስ ቮሚካም ከብሩሲን ጋር ስትሪክኒን የያዘ ስለሆነ ለብዙ ዘመን በጥቂቱ ለፈረስና ለከብት የምግብ ፍላጎት ማነቃቂያ፣ ሲበዛ ደግሞ የመንገድ ውሾች መፍጃ ሆኖ አገልግሏል። በእርሱ የተመረዘ ውሻ ድምፅ ሲሰማ ወይም ሲነካ ሰውነቱ ይገተራል፤ በመጨረሻም ትንፋሹ ተቋርጦ ይሞታል።

ብሩስ ራሱ የታመመው በምን እንደ ነበረ ሊያውቅ አይችልም ነበር። በ1875 ሌሽ የተባለ ሐኪም በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በሕመምተኛ ሰገራ ውስጥ አሜባን አየ፤ ወደ ውሾች አስተላልፎም በአንዱ ውሻ አንጀት ቁስል መፈጠሩን አረጋገጠ። በባክቴሪያ የሚመጣውን ደግሞ ጃፓናዊው ሺጋ በ1898 ለየው። ከዋጊኖስ በ1973 ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር ወጣ፤ በነቀርሳ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ የተፈለገውን ውጤት ባለማሳየቱ ተተወ። በ1982 ግን በቤተ ሙከራ እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን አሜባን እንደሚገድል ታወቀ። እንግዲህ ቆለኞቹ ያለ አጉሊ መነጽር የያዙት እውነት ነበረው። ንጥረ ነገሩ ግን አሜባውን ብቻ ሳይሆን የእንስሳውንም ሕዋስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ ስለሆነ መጠኑ ያልታወቀ ዱቄት መድኃኒትም መርዝም ሊሆን ይችላል።

ስሕተቱ በአውሮፓ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ዋጊኖስ በአንዳንድ ወረዳ አባሎ ይባላል፤ አባሎ የሚለው ስም ግን ከእርሱ ጋር ዝምድና ለሌላቸው የቆላ ዛፎችም ይነገራል። ስለዚህ በፎገራም ሆነ በሌላ ስፍራ ተቅማጥ ለያዘው እንስሳ የተሰጠውን ዕፅ የሚመዘግብ ባለሙያ ስሙን ብቻ መያዙ አይበቃውም። ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን በወረቀት መካከል አድርቆ ለዕፀዋት አዋቂ ያሳይ፤ ሰገራውንም በአጉሊ መነጽር ይመርምር። ተቅማጥ ምልክት ነው፤ ትሉ፣ አሜባው፣ ባክቴሪያው፣ የመኖ ለውጡና መርዙ እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ሕክምና ይሻሉ።