የግሬስ ሆፐር ታሪክ ባጭሩ

በጊምቢቹ ኮምፒዩተር የምንማር ሁሉ ባለውለታችን የሆኑት ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒው ዮርክ ተወለዱ። በ7 ዓመታቸው የቤቱን የደወል ሰዓቶች ፈታትተው መረመሩ፤ በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1943 ባሕር ኃይል ገቡ። በ1947 የሥራ ጓደኞቻቸው በማሽኑ ውስጥ የእሳት ራት ቢያገኙ፣ አልጣሏትም፤ በመዝገብ ላይ ለጥፈው ጻፉባት። ሆፐርም በ1952 የፕሮግራም ትእዛዞችን ለማሽኑ የሚያሰናዳ ኮምፓይለር ሠሩ።

የዛሬው ኮምፓይለር የሚያጠራጥር ነገር ሲያይ ያስጠነቅቃል። እኛ ግን ፕሮግራሙ ከሠራ ምን ቸገረን ብለን አለፍነው፤ የ84.5 አማካይ ውጤት 84 ሆኖ ወጣ። ክፍልፋዩ እንደሚቀር አስቀድሞ ነግሮን ነበር! የክፍሉን ውጤት በሙሉ እንደገና ስናሰላ ዋልን።

ሆፐር በ1986 በሪር አድሚራልነት ጡረታ ወጥተው፣ በ1992 በ85 ዓመታቸው አረፉ።