ኤድዋርድ አፕልተን እና ከጎጃም ሰማይ በላይ ያለው ሸለቆ

ኤድዋርድ ቪክቶር አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1892 በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ፊዚክስን አጥንተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመሐንዲሶች ጦር ውስጥ አገለገሉ፤ ወደ ሬዲዮ የሳባቸውም ይኸው አገልግሎት ነበር።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 ምልክት አትላንቲክን ካሻገረ በኋላ፣ ኬኔሊና ሄቪሳይድ በላይኛው አየር ሞገድን የሚመልስ ንብርብር ሊኖር እንደሚችል ገምተው ነበር። ግምቱ ግን ከ20 ዓመት በላይ ቀጥተኛ ማስረጃ ሳያገኝ ቆየ። አፕልተን ከባርኔት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1924 የቢቢሲን የቦርንማውዝ ማሠራጫ ተጠቀሙ። የሞገዱ ርዝመት ቀስ እያለ ሲለወጥ፣ በኦክስፎርድ የሚደርሰው ምልክት ይበረታል፣ ይደክማል፤ በምድር የመጣውና ከሰማይ የተመለሰው ሞገድ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣፋሉና። መፈራረቁን በመቁጠር የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ተሰላ፤ ንብርብሩም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተገኘ። ብልሃቱ ከመሣሪያው ይልቅ በቆጠራው ላይ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ከዚያ በላይ ሌላ ንብርብር አገኙ። የኖቤል ሽልማት በ1947 ተሰጣቸው፤ ከ1949 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1965፣ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲን መሩ።

ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ1946 ጽሑፋቸው ነው። በላይኛው ንብርብር ያለው የኤሌክትሮን ክምችት ፀሐይ በበረታችበት በምድር ወገብ ከፍ ሊል ሲጠበቅ፣ በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ዝቅ ብሎ ከሰሜንና ከደቡብ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ኋላ እንደተብራራው፣ የቀኑ ኤሌክትሪካዊ መስክ ክምችቱን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ እርሱም የመግነጢስ መስመሮችን ተከትሎ ወደ ሁለቱም ጎን ይወርዳል። ክስተቱ በአፕልተን ስም ብቻ መጠራቱ ፍትሐዊ አይመስልም፤ ጃፓናውያን ቀድመው አስተውለውታል፣ ሕንዳዊው ሚትራም በዚያው ዓመት ምክንያቱን ፈልገዋል።

መግነጢሳዊው ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ሰሜን ላይ ያለችው ደብረ ማርቆስም በዚህ ሸለቆ ሥር ናት። ሸለቆውን ያለ ውድ መሣሪያ ለመከታተል የአማተር ሬዲዮ የምልክት ማሠራጫዎች ይረዳሉ። በዓለም አቀፉ መርሐ ግብር 18 ጣቢያዎች ከ14 እስከ 28 ሜጋኸርዝ ባሉ 5 ሞገዶች ላይ በየ3 ደቂቃው ይፈራረቃሉ፤ እያንዳንዱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ኃይሉን ከ100 ዋት ወደ 0.1 ዋት ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። የትኛው ደረጃ እንደተሰማ መዝግቦ የመንገዱን ሁኔታ መገመት ይቻላል። ጣቢያ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በእስራኤል ተመድቧል፤ በኢትዮጵያ ግን የለም።

እዚህ ላይ ተማሪ ሊጠነቀቅ ይገባል። የናይሮቢ ምልክት በአንድ ንጥረት ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የሚመለሰው ከመንገዱ አጋማሽ፣ ከቦረናና ከኬንያ ድንበር አካባቢ ሰማይ ነው። መዝገቡ ስለ ጎጃም ሰማይ የሚናገር መስሎ ስለ ሌላ ሰማይ ይመሰክራል። ዝምታም መንገዱ ስለ መዘጋቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ጣቢያው ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። የጎጃምን ሰማይ በዚህ ዘዴ ለመለካት አንዱ ጣቢያ ከደብረ ማርቆስ ደቡብ፣ ሌላው በተመጣጣኝ ርቀት ከሰሜን መሆን አለባቸው።